ፊዣክ፤ በወንዝ ዳር ያለች አሮጌ ከተማ

ስለ ፈረንሳይ አገር ሲነሣ ከመካከላችን አሳቡ ወደ ፓሪስ የማይሮጥ ጥቂት ነው። በትምህርት ቤትም በሲኒማ ቤትም የተዋወቅነው ከፓሪስ ጋር ነውና አይፈረድብንም። ሆኖም አንድን አገር በዋና ከተማው ብቻ አውቄዋለሁ ማለት፣ የቤቱን ሰዎች ሳያነጋግሩ ከደጃፍ ተመልሶ ቤቱን አየሁት እንደ ማለት ነው። ስለዚህም ባለፈው ክረምት ለአጭር የቋንቋ ትምህርት ቱሉዝ ከሰነበትነው ተማሪዎች መካከል አራታችን የቀረንን ሦስት ቀን በገጠር ለማሳለፍ ቆረጥን። የመረጥነውም ፊዣክ የምትባለውን ከተማ ነው።

ለምን ፊዣክን እንደ መረጥን ለሚጠይቀን ምክንያታችን ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከተማይቱ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩትን የነጋዴ ቤቶች ብዙዎቹን ሳታፈርስ እስከ ዛሬ መያዝዋ ነው። ሁለተኛው፣ የጥንት ግብፃውያንን የሥዕል ጽሕፈት አንብቦ ለዓለም የገለጸው ዣን ፍራንሷ ሻምፖልዮን የተወለደባት መሆንዋ ነው። ስንሄድ ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አልመሰለንም ነበር፤ ስንመለስ ግን አንድ ትምህርት ሆነው አገኘናቸው። ብዕር ያነሣነውም ይህንኑ ለጓደኞቻችን ለማካፈል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ወንዙና ከተማይቱ

ፊዣክ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎት በሚባለው አውራጃ ትገኛለች። ሕዝብዋ ወደ 10,000 ይጠጋል። ከቱሉዝ የተነሣው ባቡር በኮረብታና በሸለቆ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ሲጠማዘዝ ቆይቶ ያደርሳል። ከጣቢያው ወርደን ጥቂት እንደ ተጓዝን ሴሌ የተባለውን ወንዝ በድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ከተማ ያለው ከማዶ፣ በኮረብታው ሥር ነው።

የሴሌ ስም «ፈጣን» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው ይባላል። እኛ በሐምሌ ስናየው ግን ከዛፎቹ ጥላ ሥር ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ እንደ ስሙ የማይቸኩል ወንዝ ነበር። ከዚህ ወዲያ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ወርዶ ከትልቁ ከሎት ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ወንዙ ትንሽ ነው ተብሎ ግን መናቅ የለበትም። በመካከለኛው ዘመን ከእርሱ የተጠለፈ ቦይ በታችኛው ሰፈር ያልፍ ነበር፤ ውሃው ወፍጮ ያዞር ነበር፤ ቆዳ ፋቂዎችም ይጠቀሙበት ነበር። በዚያ ዘመን ለአንዲት ከተማ የወንዝ ጥቅም ለዛሬ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥቅም ያህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የከተማይቱ መነሻ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ገዳም ነው። በገዳሙ ዙሪያ ገበሬው፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ነጋዴው ሰፈሩ። ከዚያም ወደ ስፔን፣ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በእግር የሚሳለሙ ምእመናን መንገዳቸው በዚህ በኩል ስለ ነበረ፣ እንግዳ ማደሪያውና ገበያው ደራ። ነጋዴዎቹ እየከበሩ ሲሄዱ ከአባ ምኔቱ ጋር በሥልጣን መጋጨታቸው አልቀረም። በመጨረሻም በ1302 ንጉሡ ፊልጶስ አራተኛ ከተማይቱን ከገዳሙ ተረክቦ በራሱ ሥር አደረጋት፤ ነዋሪዎችዋም በመረጡዋቸው ሹሞች መተዳደራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ መከራው ተከታተለ። በ1348 በአውሮፓ የገባው የወረርሽኝ በሽታ፣ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የመቶ ዓመት ጦርነት፣ ቀጥሎም የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ጦርነት በየተራ ደረሱባት። ከ1576 እስከ 1622 ፊዣክ የፕሮቴስታንቶች ምሽግ ነበረች። የቀድሞው የከተማ ቅጥር ዛሬ ከሞላ ጎደል የለም፤ የመኪና መንገድ ዞሮበታል። ከቅጥሩ ውስጥ የነበሩት ቤቶች ግን አሉ።

ቤቶቹ እንዴት እንደ ተሠሩ

ቤቶቹ የተሠሩበት ድንጋይ ወደ ቡላ የሚያደላ አሸዋ መሳይ ድንጋይ ነው። ጠዋት ሲታይ ዐመድማ ነው፤ ወደ ማታ ፀሐይ ሲያርፍበት የማር መልክ ይይዛል። መንገዶቹ ጠባቦች ስለ ሆኑ አንዱ ጓደኛችን ሁለት እጁን ዘርግቶ የሁለት ቤት ግድግዳ ሊነካ ምንም ያህል አልቀረውም።

አንድ የነጋዴ ቤት ከታች ወደ ላይ ቢመረመር የባለቤቱን ኑሮ እንደ መጽሐፍ ያስነብባል። ምድር ቤቱ ወደ መንገድ የተከፈቱ ሰፋፊ ቅስት በሮች አሉት፤ ይህ ሱቁና ዕቃ ቤቱ ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ደርብ መኖሪያው ነው፤ መስኮቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በቀጭን ዓምድ ይለያሉ፤ በዓምዱ ራስ ላይ ቅጠልና አበባ፣ አንዳንድ ጊዜም እንስሳ ተቀርጾበታል። ሀብቱን ለጎረቤት ማሳያው ይህ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳ የሌለውና በአዕማድ ብቻ የቆመ ሰገነት ይገኛል። የአገሩ ሰዎች በጥንቱ ቋንቋቸው ሶሌዮ ይሉታል፤ ስሙም ከፀሐይ የመጣ ነው። እዚያ ልብስ ይሰጣል፤ ፍሬና እህል ይደርቃል፤ ነፋስ እንደ ልብ ይገባል፤ ዝናብ ግን አይደርስም። በተጨናነቀ ከተማ ግቢ የሌለው ሰው ግቢውን ከጣሪያው ሥር ሠራው ማለት ነው።

ከእነዚህ ቤቶች ስመ ጥር የሆነው «የገንዘብ ቤት» የሚባለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ ነው። ከእርሱ ሌላ የቀድሞው ገዳም ቤተ ክርስቲያን የነበረው ሴን ሶቨር ከወንዙ አጠገብ ይገኛል። ከኮረብታው ላይ ደግሞ ኖትር ዳም ዱ ፑዊ የተባለችው ቤተ ክርስቲያን አለች። ወደ እርስዋ የሚያወጣው ዳገት እኛን የአዲስ አበባ ልጆችን እንኳ አስተንፍሶናል። እላይ ከተደረሰ በኋላ ግን የከተማይቱ ጣሪያ ሁሉ፣ ቀይና ቡናማ ሸክላው ከነጭስ መውጫው፣ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል።

ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር እንስጥ። በቀትር ሱቆቹ ይዘጋሉ። እኛ ይህን ሳናውቅ ምሳችንን ለመግዛት ስንዘገይ፣ በሩ ሁሉ ተቆልፎ በባዶ መንገድ በፀሐይ ስንንከራተት ቆየን። በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ ከገበያው ተካስን። ቅዳሜ ጠዋት ገበሬው ከየአቅጣጫው የፍየል አይቡን፣ ለውዝ የመሰለውን የአገሩን ኖክስ፣ ማሩንና አትክልቱን ይዞ ይመጣል። አይብ የሸጡልን እናት ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። «ይህን ያህል መንገድ የመጣችሁት የእኛን አሮጌ ቤት ልታዩ ነው?» ብለው ሳቁና አንድ አይብ ጨመሩልን። በዚያው ሰዓት በትከሻቸው ከረጢት፣ በእጃቸው በትር የያዙ መንገደኞች በገበያው መካከል አለፉ። ከከረጢታቸው ላይ የዛጎል ምልክት ተንጠልጥሏል። ወደ ሳንቲያጎ የሚሄዱ ነበሩ፤ መንገዱ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ዛሬም አልተዘጋም።

የመጽሐፍ ሻጩ ልጅ

ሻምፖልዮን በፊዣክ የተወለደው ዲሴምበር 23 ቀን 1790 ነው። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበሩ። የተወለደበት ቤት ዛሬ በስሙ የሚጠራና የዓለምን ጽሕፈቶች ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ሆኗል። የፊት ግድግዳው በመስታወትና በመዳብ የተሠራ ሲሆን ከልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተወሰዱ ፊደሎች ተፈልፍለውበታል።

ከቤተ መዘክሩ አጠገብ አንድ አደባባይ አለ። ወለሉ በሙሉ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል፤ 14 ሜትር በ7 ሜትር ይሆናል። ይህ በ1991 አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆሴፍ ኮሱት የሠራው የሮዜታ ድንጋይ ታላቅ አምሳያ ነው። ጥቁሩ ድንጋይም የመጣው ከአፍሪካ፣ ከዚምባብዌ ነው። እውነተኛው የሮዜታ ድንጋይ በ1799 የፈረንሳይ ወታደሮች ከግብፅ ያገኙት፣ ከ1802 ጀምሮም ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ነው። በላዩ አንድ አዋጅ በሦስት ጽሕፈት ተጽፎበታል፤ ከላይ በሂሮግሊፍ፣ ከመካከል ዴሞቲክ በሚባለው የግብፅ የእጅ ጽሕፈት፣ ከታች በግሪክ። ግሪኩን ሊቃውንቱ ያነቡታል፤ ሁለቱን ግን የሚያነብ ሰው ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር።

ታዲያ ሻምፖልዮን እንዴት አነበበው? በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የጽሑፋችን ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ከስሞቹ አንዳንድ ፊደል ለይቶ ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት የሥዕሉ ጽሕፈት አሳብን እንጂ ድምፅን አይገልጽም ብለው ያምኑ ነበር። የሻምፖልዮን ልዩ መሣሪያ ቅብጥኛ ነበር። ቅብጥኛ የጥንቱ ግብፅኛ ልጅ ነው፤ በግሪክ ፊደል ላይ ጥቂት ፊደላት ተጨምረውበት ይጻፋል። በገበያና በቤት መነገሩ ቢቀርም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ለእኛ ጳጳሳት ይመጡባት በነበረችው በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ውስጥ አልሞተም። ሻምፖልዮን ከ1807 እስከ 1809 ፓሪስ በተማረበት ጊዜ ከአንድ ግብፃዊ ቄስ ዘንድ እየሄደ ይህን ቋንቋ አጠና። ልብሱ ያለቀ፣ ታላቅ ወንድሙ በሚልኩለት ገንዘብ የሚኖር ድኻ ተማሪ ነበር።

በሴፕቴምበር 1822 ከግብፅ ቤተ መቅደስ የተገለበጠ አንድ የንጉሥ ስም በእጁ ገባ። የነገሥታት ስም በሞላላ መስመር ስለሚከበብ መለየቱ አያስቸግርም። የመጀመሪያው ምልክት ክብ ነው፤ ፀሐይን ይመስላል። በቅብጥኛ ፀሐይ «ሬ» ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች «ስ» መሆናቸውን ከሌሎች ስሞች ያውቃል። ከመካከል ያለው ከሮዜታው ድንጋይ ላይ ስለ ልደት ቀን በሚናገረው ስፍራ የሚገኝ ምልክት ነው፤ በቅብጥኛ መውለድ «ሚሴ» ይባላል። ሬ፣ ምስ፣ ስ፤ ራምሴስ! ጽሕፈቱ አሳብንም ድምፅንም አጣምሮ የሚገልጽ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሻምፖልዮን ወደ ወንድሙ መሥሪያ ቤት ሮጦ ማግኘቱን እንደ ተናገረና ከድካም የተነሣ እንደ ወደቀ ይተረካል። ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ በ1832 ሞተ፤ የጻፈውን ሰዋስው ያሳተሙለት ወንድሙ ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ድንጋዩ ብቻውን አልተናገረም። ድንጋዩን ያናገረው፣ ሌላው ዓለም ከንቱ ነው ብሎ የተወውን ቋንቋ ቄሶቹ በየዕለቱ በአፋቸው ስለያዙት ነው።

ከተማይቱ ለምን አልፈረሰችም

ይኸው ሕግ በቤቶቹም ላይ ይሠራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች አርጅተው፣ ውሃና መጸዳጃ ሳይኖራቸው፣ ለመፍረስ ተዘጋጅተው ነበር። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በኦገስት 4 ቀን 1962 ያስወጡት ሕግ ይህን አሳብ ለወጠ። በሕጉ መሠረት ታሪካዊ የሆነ ሰፈር በሙሉ ይከለላል፤ አንድ ቤተ መንግሥት ወይም አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የተራው ሰው ቤትና መንገዱ ጭምር። ባለቤቱ ውስጡን ለኑሮ እንዲመች ያድሳል፤ ወደ መንገድ የሚታየውን መስኮትና በር ግን ያለ ፈቃድ አይነካም። ኋላም ለሚያድስ ሰው የግብር ቅናሽ ተደረገለት። የፊዣክም አሮጌ ከተማ በዚህ ዐይነት ጥበቃ ሥር ነው።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን ባዶ ቤት ይጠብቃል እንጂ ሰው አያኖርም። ፊዣክን ያኖራት ሥራ ነው። ከከተማይቱ ራትዬ የተባለ ፋብሪካ አለ፤ ሥራውም የአየሮፕላን መዘውር መሥራት ነው። ኤ 400 ኤም የተባለው ትልቁ የአውሮፓ የጦር ማመላለሻ አየሮፕላን የሚበርበት ባለ ስምንት ምላስ መዘውር ከዚህ የሚወጣ ነው። ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጀርመኖች እንዲሠራ ተገድዶ ነበርና፣ በጃንዋሪ 1944 አርበኞቹ ማሽኖቹን በፈንጂ ሰበሩ። በሜይ 12 ቀን 1944 የጀርመን ጦር ከተማይቱን ከብቦ ወንዶቹን ሰበሰበ፤ ከ500 በላይ የሚሆኑ ሰዎችም ወደ ጀርመን ተጋዙ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስለዚህ ከተማይቱ ያለ መከራ የቆየች የውበት ማሳያ ናት ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ጠዋት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ደረጃ ወርዶ መዘውር ሊሠራ የሚሄድ ሠራተኛ ስላላት የቆመች ከተማ ናት።

ክርክራችን

በመጨረሻው ማታ ከጥቁሩ ድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ተከራከርን። የምሕንድስና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን እንዲህ አለ፤ «ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው። ሕዝቡ መጠለያ ሳይኖረው አሮጌ ግድግዳ ማቀፍ ቅንጦት ነው። በ2016 በእኛ ዓመት ፒያሳ ስትፈርስ ያለቀሰው፣ ጣሪያዋ ሲያፈስ ከሥሩ ያላደረ ሰው ነው።» የታሪክ ተማሪው መለሰለት፤ «የሚያፈሰው ጣሪያ እንዲጠገን እንጂ እንዲያፈስ ማን ፈለገ? እዚህ ያየነው ሰውን ከቤቱ አውጥተው ቤቱን ሲያቅፉ አይደለም፤ ሰው ስላለበት ነው ቤቱ የተረፈው።»

ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው ብለን እናምናለን። ቤት ለሰው ካልጠቀመ ማንም ሕግ አያቆመውም፤ ይህ የመጀመሪያው እውነት ነው። ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት ይጠቅም እንደ ሆነ መርምሮ፣ ለክቶና ሥዕሉን አንሥቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው። ያላወቁትን ማፍረስ ቀላል ነው፤ ያላወቁትን መጠበቅ ግን አይቻልም።

ክርክሩ ሳያልቅ አራተኛው፣ ብዙ የማይናገረው ጓደኛችን፣ በቤተ መዘክሩ ያነበበውን አስታወሰን። ሻምፖልዮን ወጣት ሳለ ካጠናቸው ቋንቋዎች አንዱ ግዕዝ ነበር። ከዚያም፣ «ከእኛ ከአራታችን አንድ የግዕዝ ገጽ አንብቦ ትርጉሙን የሚነግረኝ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ፊደሉን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናነበዋለን። ትርጉሙን ግን፣ ከጸሎቱ ጥቂት ቃል በቀር፣ ማናችንም አላወቅነውም። የመጽሐፍ ሻጭ ልጅ ከፊዣክ ተነሥቶ የደከመበትን ቋንቋ እኛ ከደጃችን ትተነው መምጣታችን ያን ጊዜ ተሰማን። ከዚያ ወዲያ እስከ ማደሪያችን ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም።

ከተመለስን ወዲህ በቅኔ ቤት ያለፈ አንድ ተማሪ ጓደኛችን ሊያስተምረን ፈቅዷል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት በማኅበራችን ክፍል እንሰበሰባለን። እስከ አሁን ሰባት ሆነናል፤ የግሥ እርባታ ላይ ነን፤ በጣም ያስቸግራል። መምጣት የሚፈልግ ሁሉ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ።